«ቤቶች!» የሚል ኮምፒዩተር

በመካኒሳ የምንኖርበት ግቢ ተከራዮች ሁሉ በአንድ ዋይፋይ እንጠቀማለን። ባለፈው ሰሞን በሊኑክስ የሚሠራውን ኮምፒዩተራችንን ብንከፍት፥ የጎረቤታችን ማተሚያ ማንም ሳያስተዋውቀን ተዘርዝሮ አገኘነው።

ይህን የሚያደርገው አቫሂ የሚባለው ፕሮግራም ነው። እንግዳ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» እንደሚል ሁሉ፥ አቫሂም በፖርት 5353 በኩል በግቢው መስመር ላይ ላሉት መሣሪያዎች ይጣራል፤ ማተሚያውም ስሙንና አድራሻውን ይመልሳል። ማተሚያ ላለው ሰው ይህ ትልቅ ዕረፍት መሆኑን አንክድም።

ነገር ግን የሚጣራ ሰው ራሱንም ማሳወቁ አይቀርም። ኮምፒዩተራችን የተሰየመው በሙሉ ስማችን ነበርና፥ ሌሊት በስንት ሰዓት ከፍተን በስንት ሰዓት እንደምንዘጋ የፈለገ ጎረቤት ሁሉ ሊያውቅ ይችል ኖሯል። ከዚህ የከፋም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሲሞኔ ማርጋሪቴሊ የተባለ ኢጣሊያዊ መርማሪ፥ ማተሚያ የሚፈልገው ከፕስ-ብራውዝድ የተባለ ሌላ ፕሮግራም የመጣለትን መልእክት ሁሉ ስለሚያምን፥ ተንኮለኛ ሰው የሐሰት ማተሚያ አስገብቶ ባለቤቱ ባተመ ጊዜ የራሱን ትእዛዝ ሊያስፈጽም እንደሚችል ገለጠ። ጉድለቱ በማሻሻያ ታርሟል፤ ማሻሻያውን ያልጫነ ግን ዛሬም አይድንም።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው፤ ማተሚያ ያለውና መስመሩ የብቻው የሆነ ሰው አቫሂን ይተወው፤ ማተሚያ ሳይኖረው መስመር የሚጋራ ግን ይዝጋው። ሲዘጋም አገልግሎቱን ብቻ ሳይሆን ሶኬቱንም ጭምር ይዝጋ፤ ሶኬቱ ክፍት ከቀረ አገልግሎቱን መልሶ ይቀሰቅሰዋልና። እኛ ዘግተናል። ጎረቤታችንንም ማተሚያው ለሁሉ እንደሚታይ ነግረነዋል፤ ከቤቱ ምን እንደሚታይ ማወቅ የባለቤቱ መብት ነውና።