ሻማ አትበሏት

የወላጆች ቀን በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ሳልሰማ ወደ ቤቴ ተመልሼ አላውቅም። የክብር እንግዳው መድረክ ላይ ይወጣል፤ ማይክራፎኑን መታ መታ ያደርግና ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «መምህር ማለት ሻማ ነው፤ ለሌላው እያበራ ራሱ ቀልጦ ያልቃል» ይላል። አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። መምህራኑም አብረው ያጨበጭባሉ። እኔ ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ማጨብጨብ አቅቶኛል። ሰውን «እየቀለጥክ ነው» ብለው በአደባባይ እየነገሩት «እሰይ» ማለት ምን የሚሉት ምስጋና ነው?

ነገሩን ያስጀመረኝ አንድ አባት ነው። የልጄን የመንፈቅ ዓመት ካርድ ልቀበል ሄጄ ሰልፍ ይዣለሁ። ከፊቴ የነበረው ሰው ካርዱን ገና እንዳየ ስም ጠሪዋ መምህርት ላይ ጮኸባት። «ልጄ ከሰው ጋር ማውራት ካቆመ ሁለት ወር ሆነው! ቀኑን ሙሉ የሚውለው እናንተ ጋ አይደለም እንዴ? ምን ትሠራላችሁ?» መምህርቷ አንገቷን ደፍታ አዳመጠችውና ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ቤት ውስጥ የተፈጠረ ነገር ካለ እንድንነጋገር ብዬ ሦስት ጊዜ የወላጅ መጥሪያ ልኬልዎት ነበር» አለችው። ይሄኔ ሰውየው ምን ቢላት ጥሩ ነው? «የቤቴ ጉዳይ ምን አገባሽ? አንቺ የተቀጠርሽው ለማስተማር ነው!»

በአንድ ትንፋሽ! ልጁ ዝም ሲል ለምን አላየሽም ተብላ ተወቀሰች፤ አይታ ስትጠይቅ ደግሞ ምን አገባሽ ተባለች። ሰውየውን ልታዘበው ከጀመርኩ በኋላ ግን ራሴን ታዘብኩ። እኔስ ከእሱ በምን እሻላለሁ? ያን ቀን ካርድ ለመውሰድ ባይሆን ኖሮ የዚያን ትምህርት ቤት ደጃፍ መቼ ረግጬው አውቃለሁ?

እስቲ «ለማስተማር ነው የተቀጠርሽው» የምንላትን መምህርት ውሎ እንቁጠር። ጠዋት በር ላይ ቆማ ያረፈደውን ትጠይቃለች። ስም ስትጠራ የቀረውን ብቻ ሳይሆን ፊቱ የገረጣውን ትመዘግባለች፤ ይሄኛው መዝገብ ግን በልቧ ነው። ሁለት ልጆች ሲደባደቡ ዳኛ ናት። አንዱ ሲያስመልሰው ነርስ ናት። ወር አበባዋ ክፍል ውስጥ ድንገት ለመጣባት ልጅ ሹራቧን አውልቃ ወገቧ ላይ የምታስርላት እሷ ናት፤ ሞዴሱንም ከራሷ ቦርሳ ነው የምታወጣው። እናትና አባቱ የተለያዩበት ልጅ ሲያለቅስ አክስት ትሆናለች። በመሀል በመሀል ደግሞ ሒሳብ ታስተምራለች። ማታ ቤቷ ስትገባ ፈተና ታርማለች፤ ማርክ ትሞላለች፤ ሮስተር ትሠራለች። መዋጮ ሲታወጅ ሰብሳቢ፣ ዘመቻ ሲታወጅ ዘማች የምትሆነውን አልቆጠርኩም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሥራ ተብሎ የሚቆጠርላት የትኛው ነው? ፔሬዱ! የቀረው «ለሙያው ካላት ፍቅር» ነው። ሻማዋ ስትቀልጥ ማለት ነው።

ስለ ራሴ ላውራ። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ሰነፍ ነበርኩ። ቤተሰቡ ሁሉ የተስማማበት ጉዳይ ነው። ከሰሌዳ የምገለብጠው ሁሉ ስህተት ስለሆነ ደብተሬ በቀይ እስክሪብቶ የተዥጎረጎረ ነበር። አባቴ በየሳምንቱ መጨረሻ ደብተሬን ያይና ቀበቶውን ይፈታል። ታዲያ አንድ ቀን ቲቸር ሰሌዳው ላይ ዓረፍተ ነገር ጽፋ «ተነሳና አንብብ» አለችኝ። ዓይኔን አጨንቁሬ ቆምኩ። ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ጠራችኝና ሰሌዳው ሥር አቁማኝ እንደገና «አንብብ» አለችኝ። አንድም ሳልስት አነበብኩት። ያኔውኑ ከኋላ ወንበር አንስታ ፊት አስቀመጠችኝ። ማታ ቤታችን ድረስ መጥታ እናቴን «እትዬ፣ ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ አያይም» አለቻት። መነጽር እስኪገዛልኝ ወራት ፈጅቷል። ቀበቶው ግን ከዚያች ማታ ወዲህ አልተፈታም።

ይህንን በየትኛው የትምህርት ዕቅዷ ላይ ጽፋው ነበር? በየትኛው ፔሬድ ተቆጠረላት? የትኛው ሱፐርቫይዘር ነው «የአንድ ልጅ ዓይን አይታለች» ብሎ ነጥብ የሰጣት? ማንም! እኔ ግን ዛሬ ይህንን ዓምድ የምጽፈው በዚያች ባልተቆጠረች ሥራዋ ነው።

እርግጥ አንዳንዱ መምህር ይህንን ሁሉ እንደማያደርግ አውቃለሁ። ክፍል የሚቀር አለ፤ ክፍል ውስጥ ያላስተማረውን ማታ በማስጠኛ የሚሸጥ አለ፤ የልጅ ሞራል በአንድ ቃል የሚሰብርም አለ። ይጠየቅ! አባቴ በቀበቶ ያደረገውን በዱላ የሚያደርግም ይጠየቅ። ነገር ግን ሰነፉን ለመለየት የምንችለው የጎበዙን ሥራ ስንቆጥር ነው። ልጅ የምታይና የማታይ መምህርት እኩል «30 ፔሬድ» ተብለው በሚጻፉበት ቤት ጎበዟም ውሎ አድሮ ዓይኗን ትጨፍናለች። ማን ይፈርድባታል?

ያለ መምህር ዓይን ማስተማር ምን እንደሚመስልማ ሞክረነው አይተናል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ተተከለ። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይንቆረቆር ጀመር። ለመምህሩ የቀረችለት መጀመሪያ ላይ ማስተዋወቂያ፣ መጨረሻ ላይ ማጠቃለያ የምትሆን ጥቂት ደቂቃ ናት። ፕላዝማው ደግሞ አይጠብቅም። ጥያቄ ይጠይቅና የተቆጠረች ሰከንድ ሰጥቶ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ቤተ ሙከራ ላልነበረው ትምህርት ቤት ጥሩ ምስል ማምጣቱን አልክድም። ግን ከኋላ ወንበር ዓይኑን የሚያጨነቁረውን ልጅ በምኑ ይየው? ሺህ ተማሪ ሊያዩት ይችላሉ፤ እሱ አንዱንም አያይም።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ሲገኙ ብዙዎቻችን «መምህራኑ ምን ሲሠሩ ነበር?» አልን። ጥያቄው ክፋት የለውም። ግን ተከታዩን ማን ጠየቀ? አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ አጭቀንባቸው ነበር? ለዓመታት የምንጠቅሰው መስፈርት ለአንደኛ ደረጃ 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ነው። 70ና 80 ልጅ ባለበት ክፍል ስም ተጠርቶ ሳያልቅ ፔሬዱ ይጋመሳል። የእኔዋ ቲቸር እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ብትሆን ኖሮ ታየኝ ነበር? አይመስለኝም። ሰነፍ እንደተባልኩ አድግ ነበር።

ይህ የኔ የብቻ ፈሊጥ እንዳይመስላችሁ። የዓለም የመምህራን ቀን የሚከበረው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 5 ነው። ቀኑ የተመረጠው በ1966 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ስለ መምህራን ይዞታ የወጣውን የዩኔስኮና የዓለም የሥራ ድርጅት ምክረ ሐሳብ ለማሰብ ነው። ያ ሰነድ የመምህር የሥራ ሰዓት ሲወሰን የተማሪው ብዛት፣ የዝግጅትና የእርማት ጊዜ፣ ተማሪን ለመምከርና ከወላጅ ጋር ለመነጋገር የሚጠፋው ሰዓት ሁሉ ግምት ውስጥ ይግባ ይላል። እኛ ቀኑ ሲደርስ አበባ እንሰጣለን፤ ስለ ሻማም እንናገራለን። ሰነዱን ያነበብን ግን አንመስልም።

እንግዲህ የምለው አጭር ነው። ለስም ጠሪዋ ተማሪዎቿን የምታነጋግርበት ሰዓት ፕሮግራሟ ላይ ይጻፍላት፤ እንደ ፔሬድም ይቆጠርላት። ትምህርት ባልሆነ ነገር ሁሉ መምህር መጥራት ይቅር። ከአቅሟ በላይ የሆነውን ልጅ የምትልክበት፣ በሙያው የሠለጠነ አማካሪ በየትምህርት ቤቱ ይኑር። እኛ ወላጆች ደግሞ መጥሪያ ሲደርሰን እንሂድ። ይሄ እንኳን በጀት አይጠይቅም!

ያን ቀን ተራዬ ደረሰና ካርዱን ተቀበልኩ። ዓይኔ ውጤቱ ላይ እያለ መምህርቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ልጅዎ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ምሳውን ለጓደኛው ነው የሚሰጠው። የጓደኛውን ቤት ሁኔታ ስለማውቅ ዝም ብያለሁ። እባክዎ፣ እንደነገርኩዎት ሳይነግሩት ትንሽ ጨመር አድርገው ይቋጥሩለት» አለችኝ። እኔ አባቱ አላየሁም፤ ከደቂቃዎች በፊት የተጮኸባት ሴት አይታለች።

ሻማ አያይም፤ እሷ ግን ታያለች። ስለዚህ ሻማ አትበሏት።

ቸር እንሰንብት።