ጎማና ስልክ



ከመምህርነት ልምምድ የተመለሱ አንዳንድ ጓደኞቻችን ካፌ ውስጥ የሚያወሩትን ሰምተን ዝም ማለት አልቻልንም። አንዱ ስልክ የነካካችውን ልጅ በውሃ ጎማ ሁለት ጊዜ ሸንቁጦ ክፍሉን ጸጥ ረጭ እንዳደረገው ይነግረናል፤ ሌላው ዩኒት ሊደሩ በሰልፍ ፊት ሦስት ስልክ በድንጋይ ሲያደቅ እንዴት እንደ ተጨበጨበለት ይተርክልናል። እኛም ሣቅን። በሣቃችን አሁን እናፍራለን።

የስልክ ጠበቆች አይደለንም። በትምህርት ሰዓት ስልክ ከተማሪ እጅ መውጣት አለበት። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ በስልክ የተበተነ ሐሳብ ወደ ትምህርቱ እስኪመለስ እስከ 20 ደቂቃ ሊፈጅ እንደሚችል ገልጿል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ለሆነ ተማሪ ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። ፈረንሳይ በ2018 እ.ኤ.አ. ስልክን ከተማሪ ቤት በሕግ ስትከለክል ግን ለማንም ጎማ አላስታጠቀችም።

ክርክራችን ከጎማው ጋራ ነው። የተገረፈው ልጅ ምን ተማረ? ስልኩን ካልሲው ውስጥ መደበቅን፤ በር ላይ ጠባቂ ጓደኛ ማቆምን! የተሰበረውስ ስልክ የማን ነው? እናት ከዕቁብ አውጥታ የገዛችው፣ ወይም ዐረብ አገር ያለች እኅት የላከችው ሊሆን ይችላል።

«እኛም ተገርፈን ነው ለዚህ የበቃነው» የሚሉ አሉ። ተገርፈው ከተማሪ ቤት የቀሩትስ? እነርሱ እዚህ ካፌ ተቀምጠው መልስ አይሰጡንም።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። ይህን በሥነ ዜጋ ሰዓት አስተምሮ፣ ደወል ሲደወል ጎማ የሚያነሣ መምህር ምን እያስተማረ ነው?

ታዲያ ምን ይደረግ? በክፍሉ በር ሣጥን ይኑር፤ ስልክ ጧት ይገባል፣ በመውጫ ሰዓት ይመለሳል። ደንቡን ተማሪዎቹ ከመምህራቸው ጋራ ተቀምጠው ይጻፉት። የደጋገመ ቢኖር ወላጁ ይጠራና ሦስቱ ቁጭ ብለው ይነጋገሩ፤ ልጁ ሆስፒታል የተኛች እናቱን ወሬ እየጠበቀ እንደሆነ ሳይጠየቅ በምን ይታወቃል? መምህሩም «አንድ ጊዜ» እያለ ስልክ ለማንሣት ከክፍል መውጣቱን ይተው። (መምህሮቻችን ይቅር ይበሉን፤ ይህ ከእኛም ግቢ አልጠፋም።) ሣጥኑ ውስጥ አስቀድሞ የሚገባው ስልክ የእርሱ ይሁን።

ከመካከላችን በቅርቡ ለልምምድ የምንወጣ አለን። ጎማ ሲያቀብሉን አንቀበል፤ ሣጥኑን ራሳችን ይዘን እንሂድ። ባዶ ካርቶን እንደ ሆነ ከካፌው ጀርባ ሞልቷል።