በማኅበራችን ጠረጴዛ ላይ ስላለው የባሕር ድንጋይ

ያለፈውን ዕረፍት በዛንዚባር ያሳለፍን ጓደኞች ከተመለስን ወዲህ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ለወረቀት መጫኛ የተቀመጠውን ነጭ ቅርንጫፋም ድንጋይ ያላየ ተማሪ ያለ አይመስለንም። ከየት እንደ ተገኘ ለሚጠይቀን ሁሉ በኩራት ስንመልስ ሰንብተናል። አሁን ግን እያፈርንበት ስለ ሄድን ነገሩን በግልጽ ልንጽፈው ወደድን።

ድንጋይ የምንለው ነገር ኮራል ነው፤ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በኖራ የሚሠሩት ቤት ማለት ነው። በሥጋቸው ውስጥ የሚኖር ዓይን የማያየው አልጌ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጅላቸዋል። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ አልጌው ይለያቸዋል፤ እነርሱም ይነጣሉ፤ ሙቀቱ ከቆየ ይሞታሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ2016 በምዕራብ ህንድ ውቅያኖስ የደረሰው ይኸው ነበር። ድቡልቡሉ ዓይነት በዓመት የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። እኛ ደግሞ ባሕሩ ሲሸሽ ኮከብ ዓሣ እንፈልጋለን ብለን ጫማችንን እንዳደረግን ስንረግጠው ዋልን! በፓጄ ዳርቻ፣ በዚያው ጥልቀት በሌለው ውሃ ሴቶች ጎንበስ ብለው በገመድ ላይ የባሕር አረም ያለማሉ፤ የእኛ መጫወቻ የእነርሱ እርሻ መሆኑን ያሰብነው ዘግይተን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1904 የተከፈተው የዳራጃኒ ገበያ ግን እንደ አገራችን ሆኖ ተቀበለን። ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ አማርኛ ከንጋት ጀምሮ ስለ ሆነ፣ የቅርንፉዱ ነጋዴ «ሳ ታቱ» ብሎ ሲቀጥረን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተገኘን። (ፈረንጆቹ ጎረቤቶቻችን ምን ሰዓት እንደ ደረሱ አናውቅም።) ኮራሉን የገዛነው ከገበያው ወጥተን፣ በመንገድ ዳር ዛጎል ከሚሸጥ ጎልማሳ፣ ያውም ዋጋውን በግማሽ አስቀንሰን ነው።

«ሻጩ ድኻ ነው፤ ባትገዙት ምን ይበላል?» የሚሉን አሉ። እንግዳ ባይገዛ ማን ከባሕር ይነቅለዋል? ቅርንፉዱን፣ ቀረፋውን፣ ካንጋውን መግዛት፣ ጀልባውንም መከራየት እንችል ነበር። አንድ መምህራችን ደግሞ «የድንጋዩ ከተማ ራሱ በኮራል የተሠራ አይደለምን?» ብለው ሞግተውናል። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን የዚያ ግንብ ድንጋይ አብዛኛው ከየብስ የተቆፈረ፣ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የሞተ ኮራል ነው። ከዚህም በላይ ደንጋያማው የኮራል ዓይነት በዓለም አቀፉ የብርቅ እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ስምምነት ውስጥ ስላለ ድንበር የሚሻገረው በፈቃድ ነው። እኛ ግን በካልሲ ጠቅልለን በሻንጣ አመጣነው።

ስለዚህ የሚመጣው ጉዞ ኮሚቴ ከመነሻው አስቀድሞ ሁለት ነገር በጽሑፍ እንዲያስታውቅ እንጠይቃለን፦ ኮራል ላይ በእግር እንዳይቆም፣ ኮራልም ዛጎልም በሻንጣ እንዳይገባ። የያዝነውን ድንጋይ ለሥነ ሕይወት ክፍል እንስጠው የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኛ ግን ከየት እንደ መጣና እንዴት እንደ መጣ በወረቀት ተጽፎበት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቢቆይ እንመርጣለን፤ ወረቀት መጫኑን ግን ሌላ ነገር ይሥራው።