የእንስሳ ዝምታ ሕመም ላለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም

በአሜሪካ ለምርምር ስለሚውሉ እንስሳት በምክር ቤት በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ስንቶቹ እንስሳት ለሕመም እንደተጋለጡና ስንቶቹ መድኃኒት እንዳገኙ በመቁጠር ላይ ያተኩራል። የተሰጠው መድኃኒት ምን እንደነበረና በዚያ ዝርያ ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን እምብዛም አይጠየቅም።

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ከምርምር ተቋማት በየዓመቱ የሚሰበስበው ሪፖርት ለሕመም ወይም ለጭንቀት ተጋልጠው ማደንዘዣ፣ የሕመም ማስታገሻ ወይም ማረጋጊያ የተሰጣቸውን እንስሳት በአንድ ዓምድ ይደምራል። የሦስቱ ሥራ ግን የተለያየ ነው። ሙሉ ማደንዘዣ ንቃትን ያጠፋል፤ ማስታገሻ ሕመምን ይቀንሳል፤ ማረጋጊያ እንስሳውን ያፈዝዛል እንጂ ሕመሙን የግድ አያስወግድም። በእንስሳት ሕክምና ለረጅም ጊዜ ያገለገለውን አሴፕሮማዚን የወሰደ ውሻ ጸጥ ብሎ ይተኛል፤ መድኃኒቱ ግን ሕመም የማስታገስ ኃይል የለውም። ሕጉ መድኃኒቱ «ተገቢ» እንዲሆን ቢያዝም፣ ተገቢነቱን ከተደመረው ቁጥር ማወቅ አይቻልም።

የዝርያ ልዩነት ሲጨመርበት ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ውሻን የሚያፈዝዘው ሞርፊን ድመትንና ፈረስን ሊያቅበጠብጥ ይችላል። ላምን በዛይላዚን ለማፍዘዝ ለፈረስ ከሚሰጠው መጠን አንድ ዐሥረኛው ገደማ ይበቃል፤ አሳማ በአንጻሩ ለዚሁ መድኃኒት በቀላሉ አይሸነፍም። ስለዚህ በአንዱ ዝርያ ላይ የታየውን መረጋጋት ወስዶ ሌላውም እንዲሁ ይሰማዋል ብሎ መደምደም አይቻልም።

እንስሳው ውስጡ የሚሰማውን መመርመር የማይቻል ነገር አይደለም። ተመራማሪዎች አይጥ መድኃኒት ሲወስድ አንዱን ማንሻ፣ የጨው ውሃ ብቻ ሲሰጠው ሌላውን እንዲጫን ያሠለጥናሉ፤ ርግብም በመንቆር ተመሳሳይ ምላሽ ትሰጣለች። በዚህ መንገድ እንስሳቱ በመድኃኒቱ ምክንያት በውስጣቸው የሚፈጠረውን ለውጥ ለይተው እንደሚያውቁ ተረጋግጧል። ይሁንና በ2002 በወጣው ማሻሻያ መሠረት ለምርምር ተብለው የሚራቡ አይጦችና አእዋፍ «እንስሳ» ከሚለው የሕጉ ትርጓሜ ውጭ ስለሆኑ በሪፖርቱ አይቆጠሩም።

ሕግ አውጪው ዝምታ አሳሳች መሆኑን ከዚህ ቀደም ተገንዝቧል። የ1966ቱ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ በ1985 ሲሻሻል፣ ጡንቻን የሚያሽመደምድ መድኃኒት ያለ ማደንዘዣ እንዳይሰጥ ተከልክሏል። መንቀሳቀስ ያልቻለ እንስሳ ሕመሙን መግለጥ ባይችልም ሕመሙ እንደሚሰማው ታምኖበታል ማለት ነው። ይኸው አስተሳሰብ እስከ ማረጋጊያዎች ሊዘልቅ ይገባል።

በመሆኑም ሦስት እርምጃዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ማረጋጊያ ብቻ የተሰጣቸው እንስሳት ማደንዘዣ ወይም ማስታገሻ ካገኙት ተለይተው ይቆጠሩ። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ዝርያ የተሰጠው መድኃኒት በስሙ ይመዝገብ። ሦስተኛ፣ ለምርምር የሚራቡ አይጦችና አእዋፍ በሕጉ ጥበቃ ሥር ይካተቱ።

ሦስተኛው የምክር ቤቱን ውሳኔ የሚጠይቅና ጊዜ የሚወስድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን አንድንም ምርምር አያስቆሙም፤ የሚያስከትሉት ተጨማሪ ሸክምም ቀላል ነው። ተመራማሪው ለተቋሙ የእንስሳት ክብካቤ ኮሚቴ በሚያቀርበው ዕቅድ ሊሰጥ ያሰበውን መድኃኒት አስቀድሞ ስለሚገልጽ፣ የመረጃው መሠረት በየተቋሙ አለ። የሚቀረው ይህ መረጃ ሕግ አውጪውና ሕዝቡ ሊያነቡት በሚችሉት ሪፖርት ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ነው።