ካሴቶቻችን ሳይቀልጡ

የማኅበራችን ጋዜጣ ስለ ሙዚቃ መጻፉ እንደ ቅንጦት ሊቈጠርበት እንደሚችል እናውቃለን። የመኝታ ቤቱ ውሃና የምግብ ቤቱ ወጥ ገና መፍትሔ አላገኙምና። ነገር ግን አንድ ትንሽ የንግድ ቤት በባሕር ማዶ የሠራው ሥራ የእኛን የሸዋዎችን፣ ይልቁንም የይፋት ቆላ ተወላጆችን፣ ጕዳይ ስለሚነካ ዝም ማለት አልወደድንም።

ንግድ ቤቱ አውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ ይባላል፤ «የአፍሪካ ግሩም ካሴቶች» እንደ ማለት ነው። ባለቤቱ ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ለጥናት ጋና ሄዶ የለቃቀማቸውን ካሴቶች በ2006 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) በኢንተርኔት ማሰማት ጀመረ። ሥራው በየከተማችን ካለው የሙዚቃ ቤት ባለሱቅ ሥራ የተለየ አልነበረም፤ ያገኘውን ከፍቶ «እስቲ ይህን ስሙት» ማለት ብቻ ነው። በኋላ ግን ራሱ ሸክላ የሚያሳትም ድርጅት ሆነ።

ይህ ሰው ባሕር ዳር መጥቶ ከአንድ ካሴት ቤት የኃይሉ መርጊያን ካሴት ገዛ። ኃይሉ የደብረ ብርሃን ተወላጅ ነው። ከዋልያስ ባንድ ጋር በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫውቶ፣ ባንዱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ሲሻገር እዚያው ከቀሩት አንዱ ሆነ። ያ ካሴት በ1985 አኮርድዮኑን ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከሲንተሳይዘር ጋር አዋህዶ ብቻውን የቀዳው ነው። ሺምኮዊትዝ አፈላልጎ ስልክ ሲደውልለት ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ እዚያው መኪናው ውስጥ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመዳል። ካሴቱ በ2013 «ሸሞንሟናዬ» ተብሎ እንደ ገና ታተመ፤ ሰውየውም ከታክሲ ወደ መድረክ ተመለሰ። ከዳህላክ ባንድ ጋር በ1978 የሠራው «ወደ ሐረር ጕዞ» በ2016 ተከተለ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አዲስ አወጣ።

የትኛውን እንስማ ለምትሉን፣ ለሸዋ ሮቢት ምሽት «ሸሞንሟናዬ»ን የሚያህል አናውቅም። ፀሐይዋ ከምዕራቡ ደጋ በስተ ኋላ ስትገባ፣ ሰው ወንበሩን ወደ ደጅ ሲያወጣ፣ የደሴ ጭነት መኪናዎች እያቃሰቱ ወደ ደብረ ሲና ዳገት ሲያቀኑ፣ ያ አኮርድዮን ከፓፓያና ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር እጅግ ይስማማል። ጭፈራ የፈለገ ግን «ወደ ሐረር ጕዞ»ን ይያዝ። አዲሶቹም ጥሩ ናቸው፤ ቢሆንም፣ ደፍረን እንናገርና፣ የአሮጌው ካሴት ብቸኝነት በልጦብናል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ፈረንጅ መጥቶ የእኛን ሀብት ይዞ ሄደ» ይሉናል። ቍጣው ከየት እንደሚመጣ ይገባናል፤ ከብራና መጽሐፍ ጀምሮ ብዙ ተወስዶብናል። እዚህ ላይ ግን ፍርዱ አይስማማንም። ይህ ነጋዴ ባለቤቱን ፈልጎ አስፈቀደ፤ ትርፉንም እኩል ይካፈላል። እኛስ? የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ዐዋጅ ቍጥር 410 ከወጣ ከ2004 ወዲህ ስንት ዘፈን በፍላሽ ተገልብጦልን ስንት ሳንቲም ከፈልን? ዘፋኙን ያለ ዋጋ እየሰሙ በፈረንጅ ላይ መሸለል ቀላል ነው።

ደግሞም ይህ ዓይነቱ ሥራ የፈረንጅ ፈጠራ አይደለም። አምሐ እሸቴ በ1969 አምሐ ሬከርድስን ሲያቋቁም ገና ወጣት ባለሱቅ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለአገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ እርሱ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ቀድቶ ሕንድ አገር አሳተመ። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ሸክላዎችን አወጣ። ትልቁ ተቋም መብቱን ታቅፎ ሲቀመጥ ሥራውን የሠራው ትንሹ ነጋዴ ነው። ከዚያ በኋላ አምሐ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በ2021 ዐረፈ።

ወደ ይፋት እንመለስ። ቆላችን አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አርጎብኛና አፋርኛ የሚገናኙበት አገር ነው፤ የሰንበቴን የእሑድ ገበያ ያየ ሁሉ ይመሰክራል። በዚህ አገር የሠርግ ዘፈኑና መንዙማው በየቤቱ በቴፕ ሲቀዳ ኖሯል። እነዚህን የትኛውም አሳታሚ አላተማቸውም፤ ቅጂያቸው ያው አንዱ ብቻ ነው። የቆላ ሙቀት ደግሞ ለካሴት ጠላት ነው፤ ሽፋኑ ይጣመማል፣ ክሩ ይጣበቃል። ከሙቀትም የከፋ ደርሶብናል። በ2021 አጣዬ ተቃጠለች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገባ። ቤት ሲቃጠልና ሲዘረፍ ካሴቱም አብሮ ይሄዳል። አርጎብኛ ተናጋሪው እያነሰ በሄደበት ዘመን የአንዲት አሮጊት ዘፈን የተቀዳበት ካሴት ሲጠፋ ሌላ ምትክ የለውም።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። የቋንቋና የታሪክ ክፍሎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲሰጡ፣ በየቤቱ ያሉ ካሴቶችን መመዝገብና መቅዳት እንደ አንድ ሥራ ይቀበሉልን። የባለቤቱ ስምና ፈቃድ አብሮ ይጻፍ፤ ካሴቱም ለባለቤቱ ይመለስ። እኛ የቆላ ልጆች ለክረምት ወደ ቤታችን ስንወርድ እናቶቻችንን ጠይቀን፣ ሳጥን ከፍተን፣ ያለውን እንጽፋለን። ለጊዜው የጐደለን አንድ የማያኝክ ቴፕ ነው። ያለው መምህር ወይም ተማሪ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ቢያስታውቅ በደረሰኝ እንረከባለን።