«ሽጣትና ባጃጅ ግዛ» ለምትሉኝ ሁሉ

ይሄን ጽሑፍ ከጀመርኩት ሦስት ሳምንት አለፈው፤ እርማት ሲበዛብኝ እየተውኩት፣ ሲቀልለኝ እየተመለስኩበት። ባለፈው ሰኞ ግን መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንድ የማከብረው የሥራ ባልደረባዬ በሁሉም ፊት «ቲቸር፣ ያቺን ዶቅዶቄ ሽጣትና ባጃጅ ግዛባት፤ ቢያንስ የቀን ገቢ ታመጣልሃለች» ሲለኝና ቤቱ በሳቅ ሲሞላ፣ በቃ ዛሬ ልጨርሰው አልኩ። እዚያው መመለስ አቅቶኝ አይደለም። ደወል ተደውሎ ነው።

ለማታውቁኝ፣ የምኖረው ጎባ ነው፤ ፊዚክስ የማስተምረው ሮቤ። በመሀል 14 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት አለ። ሞተሬ 600 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር የጃፓን ሥሪት ናት፤ ለረጅም መንገድ የተሠራች፣ ከፊት የንፋስ መከላከያ ያላት፣ ከነቤንዚኗ ወደ 200 ኪሎ የምትመዝን። በ2013 አንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ በሐራጅ ሸጣት፣ እቁብ ደርሶኝ ስለነበር ገዛኋት። ዋጋዋን አልናገርም። ባለቤቴም እስካሁን ትክክለኛውን አታውቅም፣ ይሄን ፖስት ደግሞ ታነባለች።

መጀመሪያ በሂሳቡ ልሸነፍ፤ የሂሳብ መምህራን እንዳትደክሙ። በቀን ደርሶ መልስ 28 ኪሎ ሜትር፣ በወር 22 የሥራ ቀን ብንል 616 ኪሎ ሜትር ነው። ሞተሬ በአንድ ሊትር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች፤ ስለዚህ በወር 31 ሊትር። ሐምሌ 2014 ላይ የአዲስ አበባው የቤንዚን ዋጋ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፣ በወር ወደ 1,500 ብር ማለት ነው። ጥር 2017 ላይ 101 ብር ከ47 ገባ። ያው 31 ሊትር ወደ 3,100 ብር ሆነ። እኛ ጋ ደግሞ የማጓጓዣው ተጨምሮበት ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። በዲፕሎማ የሚያስተምር ሰው ደሞዝ ላይ ይሄን ቀንሱና የተረፈውን እዩት። ሚኒባስ ይረክሳል። ክርክር የለኝም። ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከኋላ እየተቀመጠ ቤንዚኑን ይጋራኛል፤ የቀረውን ማታ ማታ በማስጠናት እሸፍናለሁ። ቤንዚን ሲጠፋ ደግሞ እንደ ሁሉም ሰው በሚኒባስ እሄዳለሁ። በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን አንዴ ገዝቼ ውሃ የተቀላቀለበት ስለደረሰኝ ሁለተኛ አልነካውም።

ስለዚህ «ታዋጣለች» ብዬ አልዋሽም። ባጃጅ ቢሆን ያዋጣል። ግን ንገሩኝ እስኪ፣ አንድ ሰው ቤቱ ያለው ነገር ሁሉ ገቢ ማምጣት አለበት ያለው ማነው? ሶፋችሁ በቀን ስንት ያስገባል? ለሠርግ የወጣውን ማንም «አዋጣ ወይ» ብሎ አይጠይቅም። «በዚያ ብር ዲግሪህን ትጨርስበት ነበር» ያለኝም አለ፤ ይሄኛው ትንሽ ይቆጠቁጣል፣ ምክንያቱም እውነትነት አለው።

ከተማ ውስጥ ትልቅ ሞተር ሸክም ነው፣ ይሄንንም ልናገር። ሮቤ ገበያ ቀን በጋሪና በባጃጅ መሀል በአንደኛ ማርሽ ስትሄድ ፍሪሲዮን የያዘው እጅህ ይዝላል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ሙቀቱ ጉልበትህ ላይ ይወጣል። ካዘነበለች ደግሞ ብቻህን ማንሳት ጀርባህን መሸጥ ነው። የመጀመሪያው ወር ላይ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ እያዩ፣ ቆማ እያለች ወደቀችብኝ። አራት ተማሪዎች አብረውኝ አነሷት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ቲቸር ዶቅዶቄ» ነኝ። ካንዴላ ልቀይር ስሄድም መካኒኩ «ሁለት ሲሊንደር፣ ሁለት ካንዴላ» ብሎ ጀመረ፤ ስንፈታው አራት ሆነ፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «መምህር፣ ይቺ የሀብታም ናት» አለኝ። አልመለስኩለትም።

ከከተማ ስትወጣ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። በ80 ስትሄድ አትንቀጠቀጥም፣ የኮምባይነርና የአይሱዙ ንፋስ አይወረውራትም፣ ፍሬኗ ይይዛል። ጥር ላይ ጠዋት አንድ ሰዓት የጎባን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መንገድ ዳር ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከጃኬቴ ሥር ጋዜጣ አደርጋለሁ፤ ከሹራብ ይሻላል፣ ንፋስ አያሳልፍም። ክፍል ገብቼ ጠመኔ ለመያዝ ጣቶቼ አምስት ደቂቃ ይፈልጋሉ፣ በዚያች አምስት ደቂቃ የቤት ሥራ እጠይቃለሁ። ተማሪዎቼ ለምን ሁሌ በጥያቄ እንደምጀምር ዛሬ ገባቸው።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ። «ትልቅ ሞተር ይገድላል» ይባላል። አምና አንድ የድሮ ተማሪዬን ቀብረናል። የነዳው ትንሽ ሞተር ነው፣ ሦስት ሆነው ተጭነው። ሄልሜት ነበረው። ሄልሜቱ ክንዱ ላይ እንደ ዘንቢል ተንጠልጥሎ ነበር፣ ሲወድቅ ክንዱ አልተጎዳም። እኔ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን ሰሌዳ ላይ ጽፌ አሳይቼዋለሁ፣ ፈተናውንም በትክክል መልሷል፤ ወረቀቱን እስካሁን አስታውሳለሁ። ሄልሜት ስለማድረግ ግን አንድም ቀን አልነገርኩትም፣ ምክንያቱም ምዕራፉ ውስጥ የለም።

ከዚያ ወዲህ እናገራለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመታት ሲጠቅሰው የኖረ ጥናት አለ፦ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ40 በመቶ ገደማ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ ወደ 70 በመቶ ይቀንሳል። ይሄ የሚሆነው ግን ጭንቅላት ላይ ሆኖ፣ ማሰሪያው ሲታሰር ነው። እኛ አገር ሄልሜት ለትራፊክ የሚታይ መታወቂያ አድርገነዋል። ኬላ ሲደርሱ ያደርጉታል፣ ሲያልፉ ያወልቁታል። ከኋላ የሚቀመጠውማ ጭንቅላት እንዳለውም የሚያስብለት የለም። ባልደረባዬን «ሁለተኛ ሄልሜት ካላደረግህ በሚኒባስ ሂድ» ስለው ለሳምንት አኩርፎኝ ነበር፤ ፀጉሩ እንዳይበላሽበት ነው። አሁን ያደርጋል። መላጣ ሆኗል ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝ።

ስለዚህ የሞተሩ መጠን አይደለም ጉዳዩ። በሕግ በኩል የምለው አንድ ነገር ነው፦ መንገድ ላይ ከወረቀት በፊት ጭንቅላት ይታይ፤ የሚነዳውም የሚቀመጠውም።

የሚቀጥለውን ለመጻፍ ነው እንግዲህ ሦስት ሳምንት የፈጀሁት።

አባቴ ይኖር የነበረው ደሎ መና ነው፣ ከጎባ በሳነቴ በኩል 110 ኪሎ ሜትር ያህል። ታኅሣሥ 2015 ላይ አንድ ረቡዕ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ፤ «ጋሼ ደክሟል፣ ስማችሁን እየጠራ ነው»። ወደ መና የሚሄደው መኪና የሚነሳው ጠዋት ነው። ፈቃድ ጠይቄ፣ ጎባ ቤቴ ገብቼ ጃኬት ደርቤ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳሁ። ታላቅ ወንድሜ አዳማ ነበር፣ እሱም ወዲያው ተነሳ።

ሳነቴን ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። የኔ ሞተር ካርቡሬተር ነው ያላት፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን እንደድሮው ትወስዳለች፣ አየር ግን አታገኝም። ጉልበቷ ይወርዳል፣ የቤንዚን ሽታ ይመጣል። ጠጠሩን በሁለተኛ ማርሽ እየወጣሁ ጉም ያዘኝ፣ ከጅብራዎቹ በስተቀር የሚታይ ነገር አልነበረም፤ እነሱም ሰው ቆሞ የሚጠብቅ ይመስላሉ። ፈርቻለሁ። ጀግና ነኝ የምል እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ጊዜ ቆሜ ልመለስ አስቤ ነበር። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ፣ ሪራን አልፌ ሐረና ደን ውስጥ ስገባ ሙቀት ተሰማኝ፣ ሞተሯም ጉሮሮዋን ጠርጋ መሮጥ ጀመረች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረስኩ። አባቴ ሞተሯን ስገዛ ሦስት ወር ያላናገረኝ ሰው ነው። ድምፅዋን ከሩቅ ሰምቶ «መጣ ያ እብድ» ብሏል አሉ። ያን ሌሊት ብዙ አወራን። ስለ እናቴ፣ ስለ አንድ ያልከፈለው ብድር፣ ስለ ልጄ ስም። ወንድሜ በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሲደርስ አባቴ ዓይኑን ይገልጣል እንጂ አይናገርም ነበር። ቅዳሜ ቀበርነው።

ድሮ ከሁሉም በላይ «ሽጣት» የሚለኝ ወንድሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሳውም። እኔም አላነሳበትም።

ባለቤቴ ግን ታነሳለች፣ መብቷም ነው። ልጃችን አራት ዓመት ልትሞላ ነው፣ ዘወትር ማታ ድምፁን ስትሰማ በር ላይ ትቆማለች፤ የምዘገይ ቀን ሁለቱም በር ላይ ይቆማሉ። ባለፈው ዓመት የዋስትና ያህል ተስማማን፦ ከመሸ አልነዳም፣ ዝናብ ካለ ሳነቴን አልሻገርም፣ ልጅቷን ከተማ ውስጥም ቢሆን አልጭናትም። ሦስተኛውን አንድ ቀን ጥሼ ግቢ ውስጥ አንድ ዙር አዙሬያታለሁ። ለዚያ የተቀበልኩትን ቅጣት እዚህ አልጽፍም።

በነገራችን ላይ የኋላ ጎማዬ አልቋል። የፊቱ 21 ኢንች ስለሆነ ከሌሎች ሞተሮች ጋር ይጋራል፣ አይቸግርም። የኋላው 17 ኢንች ሰፊው ነው፤ እዚህም የለም፣ ሻሸመኔም አጥቻለሁ። አዲስ አበባ ያያችሁ ካላችሁ ከነካላማዳሪው ዋጋውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ በአውቶቡስ አስመጣዋለሁ። ባለቤቴ ኮሜንት ስለምታነብ ዋጋውን ኮሜንት ላይ እንዳትጽፉ።