«ዶክተር፣ ይቆዩ» ማለት የሚችለው ማን ነው?

በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ የሚሰማው ቃል የታወቀ ነው፤ «ሕመሙ ጸናበት»። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን ሰውየውን የገደለው ይዞት የመጣው ሕመም ሳይሆን፣ ለሕክምና ተብሎ በአንገቱ የገባው ቀጭን ቱቦ ነው።

ካቴተር የሚባለው ይህ ቱቦ መድኃኒትና ፈሳሽ ወደ ትልቅ የደም ሥር ያደርሳል። ብዙዎችን ከሞት አትርፏል። ነገር ግን ቆዳን በስቶ ስለሚገባ፣ ሲተከል ወይም በኋላ ሲነካካ ንጽሕናው ከጎደለ ጀርም ቱቦውን ተከትሎ በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይመጣል፤ የደም ግፊት ይወርዳል። ቀድሞውኑ የደከመ ሰው ይህንን ላይቋቋም ይችላል።

ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ይህንን የከባድ ሕክምና የማይቀር ዕዳ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ዕዳ እንዳልሆነ የታየው በአሜሪካ፣ ባልቲሞር ከተማ በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የጽኑ ሕሙማን ሐኪሙ ፒተር ፕሮኖቮስት በአንድ ወረቀት ላይ ጥቂት ነጥቦችን ጻፈ። እጅ መታጠብ፣ የታካሚውን ቆዳ በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፣ ማስክ፣ ቆብ፣ ንጹህ ጋውንና ጓንት አድርጎ ታካሚውን በንጹህ ጨርቅ መሸፈን፣ በተቻለ መጠን በብሽሽት በኩል አለመትከል፣ የማያስፈልግን ቱቦ ቶሎ ማውጣት። ከነዚህ አንዱም አዲስ አልነበረም። የሕክምና ተማሪ ሁሉ ያውቃቸዋል።

መጀመሪያ ነርሶቹ ለአንድ ወር እንዲታዘቡ ብቻ ተደረገ። ከታካሚዎቹ ከሲሶ በሚበልጡት ላይ ሐኪሞቹ ቢያንስ አንዱን ነጥብ ዘለው ተገኙ። ሐኪሞቹ ክፉዎች ወይም አላዋቂዎች አልነበሩም፤ የቸኮሉና የደከሙ ሰዎች ነበሩ። ሥር ነቀሉ ለውጥ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሆስፒታሉ አስተዳደር፣ ሐኪም አንድ ነጥብ ሲዘል ካየች ነርሷ ሥራውን እንድታስቆም ሥልጣን ሰጣት። በቀጣዩ ዓመት፣ ቱቦው ከገባ በአሥር ቀን ውስጥ የሚከሰተው ኢንፌክሽን ከ100 ወደ 11 ገደማ ከነበረበት ወደ ዜሮ ወረደ።

«የታላቅ ሆስፒታል ነገር ነው» እንዳይባል፣ ሥራው ወደ ሚሺጋን ክፍለ ግዛት ተሻገረ። በ2006 የታተመው ውጤት ከ103 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተሰበሰበ ነው። መካከለኛው የኢንፌክሽን መጠን ከ1,000 የካቴተር ቀናት 2.7 የነበረው በሦስት ወር ውስጥ ዜሮ ሆነ። ዓመት ከመንፈቅ አልፎም ለውጡ አልተቀለበሰም።

እንግዲህ ብዙዎች ከዚህ ታሪክ የወሰዱት ወረቀቱን ነው። ስህተቱም እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝ ከ2009 ጀምሮ የሚሺጋንን ሥራ ልድገም ብላ ዘመቻ ከፈተች። ኢንፌክሽኑ ቀነሰ፤ ግን ዘመቻውን ገና ባልጀመሩት ክፍሎችም በተመሳሳይ ሁኔታ ቀንሶ ተገኘ። ዘመቻው በራሱ ምን እንደጨመረ መለየት አልተቻለም። ሁኔታውን ያጠኑ የማኅበረሰብ ተመራማሪዎች፣ በአንዳንድ ክፍሎች ሠራተኛው ሥራውን ከላይ የተጫነ ትእዛዝ አድርጎ ማየቱን ጽፈዋል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ብቻውን እጅ አያስታጥብም።

ይህ ለኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ሩቅ ወሬ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በሀብታም አገሮች ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሰዎች 7ቱ፣ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ግን 15ቱ እዚያው ሳሉ ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። የኩላሊት እጥበት ላይ ያሉ ወገኖች ቱቦ በአንገታቸው ይዘው ወደ ቤት ይመለሳሉ። በእጅ ላይ የምትሰካው ትንሿ ካኑላም ከአደጋው ነፃ አይደለችም፤ ድርጅቱ በ2024 ለእሷም መመሪያ አውጥቷል።

«ውሃ በሚጠፋበት፣ አስታማሚ ጓንት ከውጭ ግዛ በሚባልበት ቤት የነርስ ሥልጣን ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። መልሱ በራሱ በሚሺጋን አለ። ሥራው ሲጀመር ክሎርሄክሲዲን የነበረው ከሲሶ በታች በሆኑት ክፍሎች ነበር። የሆስፒታል አመራሮች ከቢሯቸው ወጥተው ክፍሎቹን እንዲጎበኙና የጎደለውን እንዲያሟሉ ተደረገ። ነርሷ «ይህ ሳይኖር አይጀመርም» ማለት ስትችል የዕቃው መጥፋት የአለቃው ራስ ምታት ይሆናል። ዝም ስትል ግን ጉድለቱን የሚከፍለው ታካሚው ነው።

ከገንዘብ ይልቅ የሚከብደው ባህሉ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር አንዲት ሲስተር አንጋፋ ስፔሻሊስትን «ዶክተር፣ ይቆዩ፤ እጅዎን አልታጠቡም» ብትል ምን ይጠብቃታል? ምስጋና ወይስ ግልምጫ? በሚቀጥለው ወር የማታ ተረኛ ሆና ራሷን ብታገኝስ? ይህንን ፍርሃት ሥልጠና አያነሳላትም። የሚያነሳላት የሜዲካል ዳይሬክተሩ ፊርማ ያለበት፣ ሐኪሞች ሁሉ በተሰበሰቡበት የተነበበ ደብዳቤ ነው፤ ከዚያም አንድ ቀን በእርግጥ ስታስቆም ከጎኗ የሚቆም አለቃ።

በተጨማሪም ቆጠራ ያስፈልጋል። ያልተቆጠረ ሞት «ሕመሙ ጸናበት» ተብሎ ይቀበራል። እያንዳንዱ ክፍል ካለፈው የካቴተር ኢንፌክሽን ወዲህ ስንት ቀን እንደሆነው በሩ ላይ ቢጽፍ የሚያስፈልገው አንድ ሰሌዳና እውነት ለመናገር ድፍረት ነው። በየጠዋቱ የታካሚዎች ጉብኝት «ይህ ቱቦ ዛሬም ያስፈልገዋል?» ብሎ መጠየቅም ሳንቲም አይፈልግም። አስታማሚውም ይህንኑ ቢጠይቅ እንደ ነገረኛ ሊታይ አይገባም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ቅጠሉ ከተገኘ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የቀረው፣ ይዛው ለቆመችው ነርስ መንገድ መልቀቅ ነው።